የከተማችን ባለ ሙሉ ሥልጣን ፈሪ

ከንቲባ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ሐኪም የሌለው፣ ውሃ የሌለው፣ ጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ እንኳን የሌለውም አይቻለሁ። ስለ ሌላ ሰው የሚፈራ ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ይህ ሰው ስለ ራሱ አይፈራም፤ ስለ ራሱማ ማንም ይፈራል። እሱ የሚፈራው ለእኔና ለእናንተ ነው። ጎረቤቱ መሰላል ላይ ወጥቶ እያፏጨ ጣራ ሲጠግን፣ እሱ ከታች ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። እኛ ደፋር መስለን የምንኖረው የፍርሃት ድርሻችንን እሱ ስለሚሸከምልን ነው። ለዚህ ውለታው የምንከፍለው ደግሞ ሳቅ ብቻ ነው።

የኛዋ ከተማ፣ የሪንኮን ሴኮ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣን ፈሪ ክቡር ዶን አቡንዲዮ ታፎያ ናቸው። ረዥም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አገጫቸው ስር በገመድ ያስራሉ። ነፋስ በሌለበት ቀንም ያስራሉ፤ "ድንገት የሚመጣው የሌለው ነፋስ ነው" ይላሉ። ፒክአፓቸውን ሲነዱ ከኋላቸው የሚሰለፈውን መኪና ያየ እንግዳ ቀብር መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል።

የቃሪያ ወራት ሲደርስ፣ በየገበያው ደጃፍ አረንጓዴው ቃሪያ በሽቦ በርሜል ውስጥ እየተሽከረከረ በጋዝ እሳት ሲጠበስ፣ ከተማው በሙሉ በመዓዛው ይሰክራል። ዶን አቡንዲዮ መንገዱን ተሻግረው ወዲያ ማዶ ይቆማሉ። "እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ ያ ጋዝ…" ይላሉ። አይጨርሱትም። የሳቸው አረፍተ ነገር መጨረሻ የለውም፤ መጨረሻውን የሚሞላው የሰሚው ሆድ ነው። በኦራሊያ ምግብ ቤት፣ ባለቤቷ እንደ ማንኛውም ሰው "የቃሪያው መረቅ ቀይ ይሁን አረንጓዴ?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ "ሰው ያልገደለው የቱ ነው?" ብለው ይመልሳሉ።

"እዚህ ቤት ሰው የገደለው የርስዎ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ዶን አቡንዲዮ። ይብሉ!" ትላቸዋለች ኦራሊያ።

ኩባንያው የመጣው እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው።

ኩባንያው ሥራው ምን መሰላችሁ፤ ገንዘብ የተረፋቸውን ሰዎች ወደ ጠፈር ያወጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ያንሳፍፋቸዋል፣ መልሶ ያወርዳቸዋል። ምድርን በልተው የጠገቡ ሰዎች ማወራረጃ ሰማይ አማራቸው። የሚያኮበኩቡበትን ሜዳ በረሃው ላይ ያነጠፈው የሰፊው ሕዝብ ግብር ነው፤ ሰፊው ሕዝብ በምላሹ ያገኘው አንገቱን ቀና አድርጎ የማየት ነጻነት ነው።

ጥርሱ ከሸሚዙ የነጣ አንድ ወጣት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ አስረዳን። አንዲት ትልቅ አውሮፕላን አለች፤ እናት ይሏታል። ልጅቱን፣ ማለት ሮኬቷን፣ ሆዷ ስር አንጠልጥላ አየሩ እስኪሳሳ ድረስ ትወጣለች። እዚያ ትለቃታለች። ከዚያ ሮኬቷ እሳቷን ለኩሳ ሽቅብ ትመነጠቃለች፤ ሞተሯ ሲጠፋ ሰዎቹ ይንሳፈፋሉ፤ በመጨረሻም እንደ ጭልፊት ክንፏን ዘርግታ ትመለሳለች። ወጣቱ ሲጨርስ ዶን አቡንዲዮ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ እናቲቱ ልጇን ሆዷ ስር ይዛ ትወጣለች ነው ያልከው?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ከዚያ ትጥላታለች?"

"ትለቃታለች ነው የምንለው፣ ጌታዬ።"

"እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብት ሳረባ ነው። ልጇን ሽቅብ አውጥታ የምትጥል እናት አይቼ አላውቅም። እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ…"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት በዚችው ጋዜጣችን ላይ "ሊቀ ፍርሃት ዶን አቡንዲዮ" ብዬ ሹመት ሰጠኋቸው። ሹመቱ ጸናላቸው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጠሯቸው ጀመር።

አንድ ቀን ግን ሙከራ ላይ ሳለች ሮኬቷ አስነጠሰች። ሌላ ቃል የለኝም፤ አስነጠሰችና በደህና ተመለሰች። ከሰውነቷ የበር ክዳን የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ በዶን አቡንዲዮ የግጦሽ መሬት ላይ፣ ከከብቶቹ ውሃ መጠጫ አጠገብ ተሰካ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች መጥተው ቁራጩን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱት። "አይጨነቁ፣ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው" አሏቸው።

"ከጠበቃችሁት ለምን አልነገራችሁኝም? ላሚቱን ዞር አደርጋት ነበር" አሉ ዶን አቡንዲዮ።

በዚህም ሳቅን። ሳቃችን ግን ከዚያ ወዲህ አጠር አለ። ልብስ የምታሰጣ ሴት አንዴ ገመዱን፣ አንዴ ሰማዩን ማየት ለመደች።

ከዚያ የኢሲድራ ነገር መጣ። ኢሲድራ የዶን አቡንዲዮ የልጅ ልጅ ናት። ወላጆቿ ሥራ ፍለጋ ፊኒክስ ከተማ ሲሄዱ ጡት እንደጣለች ትተውላቸው ሄዱ፤ ከብቱ መሀል አሳደጓት። አድጋ የአምቡላንስ ነርስ ሆነች። እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ደም አይታ የማትጮህ፣ አያቷ የፈሩላትን ሁሉ አንድ በአንድ እያደረገች ያደገች ልጅ ናት። ኩባንያው ቀጠራት። መንገደኞቹን በመሬት እንድታሠለጥን መሰለን፤ ኋላ ስንሰማ አብራቸው ልትወጣ ኖሯል። ሥራዋም ቀበቷቸውን ማሰር፣ ሲንሳፈፉ እርስ በርስ እንዳይላተሙ መያዝ፣ ሲያስመልሳቸው ከረጢት ማቀበል ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች በውሻ ምግብ የከበረ አንድ ሰውዬና የባሏን ሀብት እኩሌታ በፍርድ ቤት የተካፈለች አንዲት ሴት ነበሩ። ሴቲቱ፣ "ያን ሰው ከላይ ሆኜ ትንሽ ሆኖ ላየው እፈልጋለሁ" ብላለች አሉ። እነሱ ሊንሳፈፉ የኛ ልጅ ትውከታቸውን ልትቀበል፤ ታሪክ ወደ ሰማይ ቢወጣም የሥራ ክፍፍሉን ይዞ ነው የሚወጣው።

ዶን አቡንዲዮ ነገሩን የሰሙ ቀን በኦራሊያ ምግብ ቤት፣ ሁላችን ባለንበት፣ ልጅቱን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው መረመሯት።

"እዚያ ላይ አየር አለ?"

"የለም፣ አባባ። ውስጥ ግን አለ።"

"ውስጥ ያለው እንዳይወጣ የያዘው ምንድን ነው?"

"በሩ።"

"በሩንስ ማን ይዞታል?"

"አባባ!"

"እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ…"

ኢሲድራ ተነስታ ግንባራቸውን ስማ ሄደች። ዶን አቡንዲዮ ግን ተሸንፈው አልተነሱም፤ ማንም ያላሰበውን መሣሪያ መዘዙ። ምርቃቱን ከለከሏት።

እኛ ዘንድ ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ የለም። የሚሄደው ሰው የቤቱ ደጃፍ ላይ ይንበረከካል፤ የቤቱ ታላቅ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይመርቀዋል፣ ግንባሩ ላይ በአውራ ጣቱ መስቀል ይሠራለታል፣ ከዚያ ሂድ ይለዋል። ሂድ ካልተባለ አይሄድም። አምላክ የለም የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለራሴም ከነሱ ወገን ነኝ። እነሱም እናታቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ይንበረከካሉ። ዶን አቡንዲዮም እንዲህ አሰሉት፦ ካልመረቅኋት አትሄድም። ምርቃታቸውን ዘይት እንደሚደብቅ ነጋዴ መጋዘን ከተቱት።

እሑድ ስትጠይቃቸው ጉሮሯቸውን አመማቸው። ማግስቱን አጥር ሊጠግኑ ከንጋት በፊት ወጡ። በሦስተኛው ቀን ቆማ ስትጠብቃቸው፣ "መራቂው እኔ ነኝ፣ ሲመጣልኝ እመርቃለሁ" ብለው ዞሩባት።

ኦራሊያ አላስቻላትም። "ልጅቷ እኮ ልትወጣ ነው፣ ዶን አቡንዲዮ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?"

"አትወጣም። ላስ ክሩሰስ ከተማ ጎማ ልትገዛ እንኳን ተንበርክካ ተመርቃ ነው የሄደችው።"

"ብትወጣስ?"

"አትወጣም አልኩሽ።"

እኔ ነገር የማላሳልፍ ሰው ጣልቃ ገባሁ። "መንግሥትም ፓስፖርት የሚከለክለው እንዲሁ ነው፣ ዶን አቡንዲዮ። 'ለደህንነትህ ነው' እያለ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካዩ የሰነበቱ ይመስላሉ። "አንተ ዝም በል። አንተን ሂድ የሚልህ ስለሌለ አይደለም ወይ ሰላሳ ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ የቀረኸው?"

ምግብ ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። የዶን አቡንዲዮ ጎረቤት ኦራሊያ በማለዳ ምግብ ቤቷን ልትከፍት ስትወጣ ያየችውን እነሆ። የኩባንያው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል። ኢሲድራ ሰማያዊ የበረራ ልብሷን እንደለበሰች የአያቷ በር ፊት አፈር ላይ ተንበርክካለች። በሩ ተዘግቷል። በበሩ ስር ባለው ክፍተት የዶን አቡንዲዮ ቦት ጫማ አፍንጫ ይታያል፤ ከበሩ ወዲያ ቆመዋል ማለት ነው። ልጅቱ፣ "አባባ" አለች አንድ ጊዜ። ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ኢሲድራ ብዙ ቆየች። ሾፌሩ መለከት ሊነፋ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ከዚያ ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ መኪናው ውስጥ ገባች። ዶን አቡንዲዮ የመንገዷን ቁልፍ ኪሳቸው የያዙ ሲመስላቸው፣ መንገዷ ያለ ቁልፍ ተከፍቶ ኖሯል።

ምግብ ቤቱ ቁርስ ላይ ሳለ ገቡ። ባርኔጣቸው አልታሰረም።

"መረቁ ቀይ ይሁን አረንጓዴ?" አለች ኦራሊያ ቀስ ብላ።

"የፈለግሽውን።"

ሹካዎች በየአፉ ደጃፍ ቀሩ። ሁላችን ጠበቅን። "እኔ ምን አገባኝ" አላሉም። ስለ ነፋሱ አላነሱም፣ ስለ ጋዙ አላነሱም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ያያሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ያኔ ነው ፍርሃት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅነው። ተሸካሚያችን ሸክሙን አውርዶ መሀላችን አስቀመጠው፤ እያንዳንዳችን ድርሻችንን ማንሳት ግድ ሆነብን። የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ድንገት ስለዚያ ላሚቱ አጠገብ ስለተሰካው ቁራጭ ማውራት ጀመረና መሀል ላይ ተወው። ኦራሊያ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ታጥባለች። እኔ በሆዴ፣ በሩን ማን ይዞታል፣ በሩን ማን ይዞታል እላለሁ።

ዶን አቡንዲዮ ተነሱ። "መኪናህ ይነሳል?" አሉኝ።

"ይነሳል።"

"እንግዲያው ፍጠን።"

ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ከጽሑፍ ልታገድ። መንገድ ላይ በሁለት እጃቸው ፊታቸው ያለውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ጨምር" ይሉኛል። እጨምራለሁ። "ጨምር!" አንዲት ጥንቸል ከመንኮራኩሩ ስር ለጥቂት አመለጠች፤ ስለሷ እንኳን አልፈሩላትም።

በረሃው መሀል ያለው የሜዳው በር ላይ ጥበቃው ኤሎይ አስቆመን። የኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ወገቡ ላይ መገናኛ ሬዲዮ አንጠልጥሏል።

"ዶን አቡንዲዮ፣ እንዴት አደሩ። ማስገባት አልችልም።"

"ለልጄ አንድ ነገር ልነግራት ነው።"

"ኩባንያው የላከልዎትን የቤተሰብ ጥሪ እኮ ራስዎ ቀድደው መልሰው ላኩት። ደግሞም…" ኤሎይ በአገጩ ወደ ሰማይ አመለከተ። እናቲቱ ከሜዳው ተነስታ፣ ልጅቱን ሆዷ ስር እንዳንጠለጠለች፣ ከአናታችን በላይ እየዞረች ሽቅብ ትወጣለች። ፀሐይ ክንፏ ላይ አብረቀረቀች። ኢሲድራ እዚያ ውስጥ ናት።

ዶን አቡንዲዮ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። አወረዱት። "ባዶ ላይ አይሆንም" አሉ። "ጭንቅላት ይፈልጋል።" ወደ ኤሎይ ዞሩ።

"እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ዶን አቡንዲዮ፣ ካሜራ አለ…"

ወደ እኔ ዞሩ። "ተንበርከክ።"

"እኔ?"

"ሌላ ሰው ታያለህ?"

"ዶን አቡንዲዮ፣ እኔ እኮ በዚህ ነገር አላምንም።"

"እንድታምን ማን ጠየቀህ? ጭንቅላትህን ነው የጠየቅኩህ!"

እኔ ጳጳስ ፊት ያልተንበረከክሁ፣ ገዢ ፊት ወንበሬን ያላነሳሁ ሰው፣ የባለጸጎች ሜዳ አጥር ስር ጠጠር ላይ ተንበረከክሁ። መዳፋቸው አናቴ ላይ ዐረፈ። ከባድ ነው፣ ሻካራ ነው፣ የላም ሽታ አለው።

"ለምን ለራሷ አላደረጉላትም?" አልኳቸው ከታች ሆኜ። "ከበሩ ወዲያ ቆመው ሲሰሟት?"

"እጄን አናቷ ላይ ካደረግሁ አላነሳውም ነበር" አሉ። "ራሴን አውቃለሁ። ፀጉሯን እይዛለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እሷ ታፍራለች። ያንተን ግን ብለቀው አይቆጨኝም።"

ከዚያ መረቁ። "ኢሲድራ፣ ልጄ፣ የልጄ ልጅ፣ ውጪ በሰላም፣ ግቢ በሰላም። የሚይዝሽ ይያዝሽ፣ የሚለቅሽ አይልቀቅሽ። የላይኛው ጌታ እጁን ዘርግቶ ይቀበልሽ…" እጃቸው አናቴ ላይ ደረቀ። "አይ! አይቀበልሽ! ሰምተኸኛል አንተ ላይ ያለኸው? አትቀበላት! መልሳት!"

"ተለቀቀች" አለ ኤሎይ፣ ጆሮው ሬዲዮው ላይ።

ምንም ድምፅ የለም። እኔ አንገቴ ተደፍቶ የማየው ጠጠር ብቻ ነው፤ የማውቀው ሁሉ የሚደርሰኝ በመዳፋቸው ነው። መዳፋቸው ይጠብቃል። ከዚያ ኤሎይ፣ "ተለኮሰ፣ ወጣች፣ ይኸው ወጣች!" ሲል አናቴ ላይ ያሉት ጣቶች ፀጉሬን ጨበጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ነገር መሬቱን አልፎ ጉልበቴ ውስጥ ገባ።

"ጠፋ" አለ ኤሎይ።

"ምኑ?"

"ሞተሩ። መጥፋት አለበት፣ ዶን አቡንዲዮ። ሲጠፋ ነው የሚንሳፈፉት።"

ቀልድ ልናገር አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ሰዓት ያች ልጅ አየር በሌለበት ቦታ፣ አንድ በር ብቻ ከልሏት፣ ተንሳፍፋለች። እኔም በሁሉ ያሾፍሁት ሰውዬ፣ አናቴን ካነሳሁ አንድ ነገር የሚወድቅ መሰለኝ። እጃቸውን ያነሱ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ጠጠሩ ጉልበቴን እየበሳው ንቅንቅ አላልሁም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ኤሎይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቀብር መሰለኝ። ላቡን ሊጠርግ ኖሯል። "ያቻትና" አለ። "በሰሜን በኩል፣ ነጭ። እየመጣች ነው። ክንፏ ደህና ነው።"

መንኮራኩሯ መሬት ነክቶ አቧራው ሲነሳ ዶን አቡንዲዮ እጃቸውን ከአናቴ ላይ አላነሱም። በገዛ እጄ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ።

ኢሲድራ በኩባንያው መኪና እስከ በሩ ድረስ መጣች። የውሻ ምግብ ጌታው ቁርስ ግማሹ እጅጌዋ ላይ አለ። ወርዳ አያቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ ውስጥ ገና ያልወረደ ነገር ነበር።

"ሳይመርቁኝ ሄድኩ፣ አባባ።"

"ተመርቀሻል።"

"መቼ?"

ዶን አቡንዲዮ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ልጅቱ ሁለት ጉልበቴ ላይ ያለውን አፈር፣ ቀጥሎ ቆሞ የቀረውን ፀጉሬን አየች። ነገሩ ሲገባት አጥሩን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር አያቷ ደረታቸው ላይ አስጠጓት። እጃቸው ወገቧ ላይ ነው። አናቷን አልነኩም።

"አባባ፣ ሐሙስ ደግሞ እወጣለሁ" አለች ከደረታቸው ሳትነሳ።

ዶን አቡንዲዮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት የሚያዩት እኔን ነበር።

"ሐሙስ ሥራ አለህ?" አሉኝ።

ሐሙስ ጋዜጣችን የሚታተምበት ቀን ነው። ይህን ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ አንድም ሐሙስ ከማተሚያው አጠገብ ተለይቼ አላውቅም።

"የለኝም" አልኳቸው።